ቆሞ የሚሮጥ ታፔላ

ጭሮ መናኸሪያ ውስጥ የቆመ መኪና ሁሉ ይሮጣል። ሾፌሩ ቁርሱን ይበላል፣ ረዳቱ በሩ ላይ ተደግፎ ጥርሱን ይፍቃል፣ ሞተሩ ጠፍቷል፤ መኪናው ግን ይሮጣል። የሚሮጠው ግንባሩ ላይ ያለው ታፔላ ነው። ፊደሎቹ ወደ ቀኝ አጋድለው፣ ጎናቸው ተለጥጦ፣ ከኋላ የሚያባርራቸው እንዳለ ሁሉ ተያይዘው ይነጉዳሉ። ወዴት እንደሚነጉዱ ግን አይናገሩም። በዚህ ነገር ስናደድ ከርሜአለሁ። ሲውል ሲያድር ይበርድልኛል ብዬ ነበር፤ አልበረደልኝም። ስለዚህ ልጻፈው።

እኔ የአማርኛ አስተማሪ ነኝ። ነገርን ከሥሩ ካላስረዳሁ ደስ አይለኝም፤ ባልደረቦቼ ውሃ ለጠየቀኝ ሰው ስለ ደመና እንደማስተምር እያነሱ ይስቁብኛል። ይሳቁ። ይህን ታሪክ ለመረዳት መጀመሪያ ፊደሉን ማወቅ ያስፈልጋል።

የላቲን ፊደል ሲታተም በሁለት ዓይነት ይቆማል። አንዱ በየጫፉ ትንሽ ጫማ ያደረገ ይመስላል፤ በመጻሕፍት ገጽ ላይ የምናየው አብዛኛው እንዲህ ነው። ሌላው ባዶ እግሩን ነው፤ መስመሩ ይወርድና ቁርጥ ይላል። ፊደል ወደ ቀኝ ሲያጋድል ደግሞ ኢታሊክ ይሉታል፤ ነገሩ የመጣው ከእጅ ጽሑፍ ነው፣ የቸኮለ እጅ ወደ ፊት ስለሚያዘነብል። እንግዲህ ባዶ እግሩን የሆነውን ፊደል ወስደህ አዘንብለው፣ ከዚያ ጎኑን አስፋው፤ ሦስቱ ሲገናኙ ፍጥነት ይሆናል። በእሽቅድድም መኪና ጎን፣ በተጫዋች ማሊያ ጀርባ፣ በጎማ መሸጫ በር፣ እንቅልፍ ያባርራል በሚባለው የጣሳ መጠጥ ላይ የምናየው እሱ ነው። ቦታው ላይ ሲሆን አልጠላውም። ከአዲስ አበባ ሐረር በሚመላለሰው ትልቅ አውቶቡስ ጎን ላይ አንድ ቃል ብቻ ግዙፍ ሆኖ ሲጻፍበት ያምራል። አንድ ቃል፤ ሰው አስቀድሞ የሚያውቀው ቃል፤ ከሩቅ የሚታይ ቃል። የተሠራው ለዚያ ነው።

የእኛ ፊደል ግን ሌላ ነው። በመቃ ብዕር ያደገ ፊደል ነው፤ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ድምፁንም የሚሸከመው በእግሩ ነው። ባ እና ቦ የሚለያዩት በሚረዝመው እግራቸው ብቻ ነው፤ የባ ቀኟ ይረዝማል፣ የቦ ግራዋ። ካዕቡ ወገቡ ላይ ትንሽ ቅጥያ አለችው፣ ሣልሱ እግሩ ላይ፤ ኃምሱ እግሩ ላይ ቀለበት ያስራል። ይህን ፊደል ለሩጫ ብሎ የነደፈ ሰው እኛ ከተማ ባለው ኮምፒውተር ውስጥ የለም። ያለው ማዘንበያ ቁልፍና ማውዝ ነው። ቁልፉን ሲጫኑት ኮምፒውተሩ ፊደሉን ትከሻውን ይዞ ይገፋዋል፤ ጥጉን በማውዝ ሲስቡት ይለጠጣል። ቁመቱ ሳይጨምር ጎኑ ስለሚሰፋ፣ የእግሮቹ መርዘምና ማጠር አይታይም። መስመሩ ስለሚወፍር ቀለበቱ ይደፈናል። ቅጥያዋ ሄዳ ከጎረቤቷ እግር ጋር ትጣበቃለች። ማንበብ የለመደ ሰው ይህን ሁሉ በግምት ያልፈዋል። አዲስ አንባቢ ግን አይገምትም። አዲስ አንባቢ ያነባል።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በትምህርት ቤታችን ጎልማሶችን አስተምራለሁ። ሁለት ክፍል አለ፤ በአንዱ ቁቤ፣ ኦሮምኛ የሚጻፍበትን የላቲን ፊደል፣ ይማራሉ፣ በእኔ ክፍል ፊደል። ባለፈው ዓመት ከተመዘገቡት ተማሪዎቼ አንዷ ከሃምሳ ዓመት ያለፉ የቲማቲም ነጋዴ ነበሩ። አፋቸውን የፈቱት በኦሮምኛ ነው፤ አማርኛውን ያገኙት እዚሁ ገበያ ውስጥ ነው፣ ስለዚህ ትንሹንም ትልቁንም "አንተ" ይላሉ፣ እኔንም ጭምር። የመጡ ቀን፣ ቁቤው ለአፍዎ አይቀልም ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው።

"እሱን የልጅ ልጆቼ ያውቁታል" አሉኝ። "ቤት ስገባ ያርሙኛል። ይሄን ግን አንዳቸውም አያውቁም። እኔ ነኝ የማርማቸው።"

ክፍሉ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም፤ የምራቸውን ነበር። ሌላም ምክንያት ነበራቸው፣ ቆይተው ነው የነገሩኝ። የቦኬ ገበያ በዋለ ቁጥር ቲማቲማቸውን ጭነው ወደ ቦኬ ይሄዳሉ። መናኸሪያ ሲደርሱ ደግሞ መጠየቅ አለባቸው። ረዳት ሲጠየቅ የጎደለችውን ወንበር ነው የሚያስበው፤ "አዎ ቦኬ ነው፣ ግቢ እናት" ይላቸውና መንገድ ላይ ሌላ መኪና ያዛውራቸዋል፣ ቲማቲሙ ከጣራ ጣራ ሲገላበጥ ይፈርጣል። ይህ ብዙ ጊዜ ደርሶባቸዋል። ከእኔ የሚፈልጉት ነገር አንድ ነበር፤ ማንንም ሳይጠይቁ ቦኬ መሄድ። "ሰው ይዋሻል፣ ያ ኢልመ ኮ" አሉኝ፤ ልጄ ሆይ ማለታቸው ነው። "ጽሑፍ አይዋሽም።"

አልዋሸም ነበር፣ ያኔ። የዚያን ጊዜ ታፔላዎች ቆርቆሮ ነበሩ፤ ነጭ ተቀብተው በቀይ ቀለም በእጅ የተጻፉ። የእጁ ባለቤት ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ቆንጆ ጽሑፍ ነበር ብዬም አልዋሽም። ቀለሙ የተንጠባጠበበት ነበር፣ አንዱ ፊደል ካንዱ ይበልጥ ነበር። ግን ቀጥ ብለው ይቆማሉ፣ በመሃላቸውም አየር አለ። ዓመቱ አጋማሽ ላይ ክፍሉን በሙሉ መናኸሪያ ይዤ ሄድኩ። ሂርናን አነበቡ፣ በደሳን አነበቡ፤ ገለምሶ ላይ አንዱ ሽማግሌ ተሰናከሉና ሌሎቹ ሳቁባቸው። የቲማቲም ነጋዴዋ ግን ወደ ኋላ ቀርተው ነበር። ዘወር ስል አንድ ሚኒባስ ፊት ቆመው በጣታቸው አየር ላይ ፊደል ይጽፋሉ። "ቦ" አሉ። "ኬ" አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ሳይሆን ወደ መኪናው፣ እንደ ሰው፣ "አሰላሙ አለይኩም" አሉት።

ከዚያ በኋላ በየገበያው ቀን ማንንም ሳይጠይቁ ሄዱ። ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጡ ይነግሩኝ ነበር፤ ረዳቱ "ወዴት ነው እናት?" ሲላቸው መልስ ሳይሰጡ ገብተው እንደሚቀመጡ። እዝባርንም በዚያው ወራት አስተማርኳቸው። ትምህርት ቤታችን በር ላይ "ት/ቤት" የሚል አለ፤ ሐኪሙ ደብዳቤ ላይ "ዶ/ር" አለ። ይህች ያጋደለች ጭረት እዝባር ትባላለች፣ ከኋላዋ የተደበቁ ፊደላት አሉ ማለት ነው አልኳቸው። ነገሩ ደስ አላቸው። "ይቺ በር ናት" አሉ፣ "ውስጥ ሰው አለ።"

ከዚያ አዲሶቹ ታፔላዎች መጡ።

የመናኸሪያው ተራ አስከባሪዎች ሁሉም መኪና አንድ ዓይነት ታፔላ ይኑረው ብለው ወሰኑ። በዚህ ቅሬታ የለኝም፤ እኔ ራሴ ሥርዓት እወዳለሁ፣ የጠመኔዎቼ ቀለም እንኳ ተለይቶ ነው የሚቀመጠው። ሥራውን የሰጡት ዋናው መንገድ ዳር ላለው የማስታወቂያ ቤት ነው። ባለቤቱ አብሮኝ የተማረ ልጅ ነው። እሱ ደግሞ ያንን ሰፊ፣ ያጋደለ የላቲን ፊደል ከኢንተርኔት ካወረደው ጀምሮ ሌላ ነገር አላይ ብሏል። የጠጉር ቤት፣ የጁስ ቤት፣ የሠርግ ባነር፣ የመድኃኒት ቤት፣ ሁሉም ይሮጣል። ታፔላው ላይ ቁቤውን በዚያ ፊደል ጻፈ፤ ቁቤው አማረ፣ እክዳለሁ ብል ውሸት ነው። ከሥሩ ያለው የአማርኛው ጽሑፍ ከላዩ ጋር አልሄደለትም። አዘነበለው። አሁንም አልሄደለትም። ለጠጠው።

ሲለጠጥ ቦታ አለቀ። ጭሮ ሁለት ፊደል ስለሆነች ተረፈች፤ ሽማግሌዎቹ አሁንም እንደሚጠሯት አሰበ ተፈሪ ተብላ ብትጻፍ ኖሮ የሾፌሩን መስታወት በሙሉ ትጋርድ ነበር። ሂርና በመከራ ገባች። ገለምሶ ግን አልገባችም፣ ቦርደዴም አልገባችም። ፊደሉን ትንሽ ማጥበብ ይቻል ነበር። አላጠበበውም፤ ስሙን አጠበበው። ገለምሶ "ገ/ሶ" ሆነች። ቦርደዴ "ቦ/ዴ" ሆነች።

እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ወረቀት ይውሰድና ይሞክረው። ቦ፣ እዝባር፣ ዴ ብሎ ይጻፍ፤ ሁሉንም እኩል ወደ ቀኝ ያዘንብል፣ እስኪነካኩ ይለጥጥ፣ ያወፍር። እዝባር የምትታወቀው ሌላው ቀጥ ብሎ እሷ ብቻ ስታጋድል ነው። ሁሉም ሲያጋድል እሷ የማን እግር ናት? ሄዳ ዴ ጎን ላይ ትለጠፋለች። ዴ እግሩ ላይ ቀለበት አለው፤ ኬም እግሩ ላይ ቀለበት አለው። ከሁለት ሜትር ላይ ሆኖ የሚታየው ቦ ነው፣ ከዚያ አንድ ወፍራም ነገር፣ ከዚያ እግር ላይ ቀለበት። ከዚህ መናኸሪያ በቦ ጀምሮ በቀለበት የሚያልቅ አንድ አገር ብቻ የሚያውቅ ሰው ምን ብሎ ያነበዋል?

እሳቸው ቦኬ ብለው አነበቡት።

የሆነውን ኋላ ራሳቸው ነገሩኝ። የገበያ ቀን ነበር፤ ሱብሒ ሰግደው ነው የወጡት። ቲማቲሙ ጣራ ላይ ወጣ። ረዳቱ ወዴት ነው ሲላቸው እንደ ልማዳቸው ዝም ብለው ገብተው የመጨረሻው ወንበር ጥግ ያዙ። ሻርፓቸውን ተከናነቡና ተኙ፤ መንገዱን ለምን ይጠብቁታል፣ ታፔላው ነግሯቸዋል። የቀሰቀሳቸው ሙቀቱ ነው። ቦኬ እንዲህ አይሞቅም። ሻርፓቸውን ገልጠው ቢያዩ መንገዱ አስፋልት ነው፣ ግራና ቀኙ የቆላ ግራር ነው፤ መኪናው በአዲስ አበባው መንገድ ቁልቁል ወርዶ ወርዶ ቦርደዴ ሊገባ ነው። ጮኹ። መኪናው ቆመ። ረዳቱ ዞሮ አያቸውና፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣

"ማንበብ አትችይም እንዴ እናት?" አለ።

የሞላው መኪና ሳቀ። ቲማቲሙ የቦርደዴ ፀሐይ ላይ ምን እንደሆነ መናገር አያስፈልግም፤ እሳቸውም ብዙ አላወሩበትም። ያወሩት ስለ ሳቁ ነው።

ይህን የሰማሁት ሁለት ቅዳሜ ቀርተውብኝ፣ ገበያ ድረስ ሄጄ ስጠይቃቸው ነው። ከቲማቲማቸው ኋላ ተቀምጠዋል፤ ሲያዩኝ ፊታቸውን ወደ ሚዛናቸው መለሱ። ታመው እንደሆነ ጠየቅሁ። አልሃምዱሊላህ ደህና ነኝ አሉ። ታዲያ ለምን ቀሩ ስል ቦታቸውን ለጎረቤታቸው አደራ ሰጥተው ተነሡ፣ ተከተለኝም አላሉኝም፤ ቀጥ ብለው ወደ መናኸሪያ ሄዱ፣ እኔም ተከተልኩ። በመንገድ ላይ ነው ሁሉንም የነገሩኝ፣ ፊት ፊት እየሄዱ፣ ዞር ሳይሉ። የቦርደዴዋ መኪና ቆማ ነበር። በጣታቸው አመለከቱኝ።

"እዝባር ካለ ውስጥ ሰው አለ ብለህ አስተማርከኝ።"

"አዎ፣ እናቴ።"

"የቷ ናት እዝባሯ? አሳየኝ።"

ቀና ብዬ አየሁ። እኔ ጭሮ ተወልጄ ያደግሁ፣ ፊደል የሙያዬ የሆነ ሰው፣ ለማየት ጊዜ ፈጀብኝ። እሳቸው አልጠበቁኝም።

"ሁሉም እዝባር ነው" አሉ። "ሁሉም ተጋድሟል። ፊደልህም ዋሸኝ።"

ስህተቱ የታፔላው ነው እንጂ የእርስዎ አይደለም፣ እርስዎ በትክክል ነው ያነበቡት አልኳቸው፤ ያጋደለ ፊደልና የቆመ ፊደል ብዬ ማስረዳትም ጀመርኩ። ሰምተው ሰምተው "ለኔ ምን ትነግረኛለህ" አሉኝ። "ለረዳቱ ንገረው።" ወደ ቲማቲማቸው ተመለሱ።

የንዴቴ መጀመሪያ ይህ ነው። በዚያው ቀን የማስታወቂያ ቤቱ ጋ ሄድኩ። የድሮ የክፍል ጓደኛዬ ኮምፒውተሩ ላይ ተቀምጦ የአንድ ምግብ ቤት ስም ይለጥጣል። ነገሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አስረዳሁት፤ ወረቀት ተቀብዬ ባን እና ቦን ሣልኩለት፣ ቀለበቱ እንዴት እንደሚደፈን፣ እዝባሯ እንዴት እንደምትጠፋ። በትዕግሥት ሰማኝ፤ ይህን ልመስክርለት።

"አንተ ከድሮም እንዲህ ነህ" አለኝ። "ስማ፣ ቀጥ ያለ ፊደል እኮ የለቅሶ ማስታወቂያ ነው የሚመስለው። መኪና ላይ ልለጥፈው? ሰው አስከሬን የጫነ ይመስለዋል።"

ሴትዮዋ ቦርደዴ ወረዱ እኮ አልኩት። አንዲት ሴትዮ ናቸው አለ። ሌሎቹ ሁሉ ወደፈለጉበት እየሄዱ አይደል? ይህ መልስ መንገድ ሙሉ ሲያቃጥለኝ ሄደ፤ ምክንያቱም እውነት ይመስላል። አንድ ሰው ከተሳሳተ የሰውየው ጥፋት ነው እንላለን። ግን እኔ ክፍል ውስጥ ለሃምሳ ልጅ አንድ ጥያቄ አውጥቼ ከሃምሳው አንዱ ብቻ ጥያቄውን አንብቦ ቢሳሳት፣ ሌሎቹ ግን ሳያነቡ ከጎረቤት ቀድተው ቢያልፉ፣ ጥያቄው ግልጽ ነበር እላለሁ? ያኔ ይህን ምሳሌ ያመጣሁት ለንዴቴ ማብረጃ ያህል ነበር። ነገሩ ልክ እንደዚያ መሆኑን ያወቅሁት መናኸሪያው ስደርስ ነው።

የተራ አስከባሪዎቹ ኃላፊ በዕድሜ የገፉ፣ በከተማው የሚከበሩ ሰው ናቸው። በሥርዓት ተቀበሉኝ፣ ወንበር አስመጡልኝ። አሁንም አስረዳሁ። ሰምተው ሲጨርሱ ራሳቸውን ነቀነቁና፣ "መምህር፣ ያላነበበ ይጠይቃል" አሉኝ። "አፍ ለምን ተሰጠ?" ታፔላው እኮ ለማይጠይቅ ሰው ነው አልኳቸው፤ የሚጠይቅማ ያለ ታፔላም ይጠይቃል። ፈገግ አሉ። ያን ጊዜ አንድ ነገር ታሰበኝ። ከተቀመጥንበት ሆነው የቦርደዴው መኪና የትኛው እንደሆነ እንዲያሳዩኝ ለመንኳቸው። ቀና ሳይሉ በከዘራቸው አመለከቱ።

"ያ መስታወቱ የተሰነጠቀው።"

"የቦኬውስ?"

"ያ ሾፌሩ መላጣ የሆነው።"

አንድ ረዳት ጠርቼ ጠየቅሁት፤ እሱም በስንጥቁና በመላጣው ነው የሚያውቀው። ጫት ጭና ወደ ሂርና የምትሄድ ነጋዴ ጠየቅሁ፤ ወንድሟ ነው የሚሾፍረው። ከዚያ ሌላ ሰው፣ ከዚያ ሌላ። ታፔላውን የሚያየው የለም። ተመልሼ ወደ ኃላፊው መጣሁና ታዲያ ይህን ጽሑፍ ማን ነው የሚያነበው አልኳቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ ከልባቸው ሳቁ።

"ትራፊክ" አሉኝ።

እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጬ ጆሮዬ ሲግል ይሰማኝ ነበር። በዚያ መናኸሪያ፣ ከሾፌሩ እስከ ተሳፋሪው፣ ታፔላ የሚያነብ አንድ ሰው ብቻ ነበር። እሳቸው። ማንበብ አትችይም ወይ ተብለው የተሳቀባቸው እሳቸው ናቸው። የሳቁት ያላነበቡት ናቸው። ይህን ለኃላፊው ልነግራቸው ሞከርኩ፤ ድምፄ ከፍ ብሎ ስለነበር ይመስለኛል "ውሃ ጠጣ ልጄ" አሉኝ። ታፔላው አሁን ተሠርቶ አልቋል፤ ሲያረጅ ይታያል አሉ። የውይይታችን መጨረሻ ይህ ነበር።

ርእሰ መምህራችን የድጋፍ ደብዳቤ ቢጽፉልኝ ይሻላል ብዬ ሰኞ ጠዋት ቢሯቸው ገባሁ። ገና አፌን ሳልከፍት "ና፣ ና፣ አንተ ይህን ትወደዋለህ" ብለው አንድ ወረቀት አሳዩኝ። የትምህርት ቤታችን አዲሱ የበር ጽሑፍ ናሙና ነው። ሰፊ። ያጋደለ። "ት/ቤት" የሚለው ቃል አጥር የሚዘል ፍየል መስሏል፤ እዝባሯን ፈልጌ አጣኋት። የሠራው የእኔው የክፍል ጓደኛ ነው። ዘመናዊ አይደል ወይ አሉኝ። ልጆች ፊደል የሚቆጥሩበት ግቢ በር ላይ የማይነበብ ፊደል ልንሰቅል ነው ብዬ፣ የተጠየቅሁትን ትቼ ያልተጠየቅሁትን መለስኩ። ፊታቸው ተለወጠ። ደብዳቤውን አልጠየቅሁም። ጽሑፉ ተሰቅሏል፤ በየማለዳው ከሥሩ አልፋለሁ፣ ቀና አልልም።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ክፍል ስገባ የቲማቲም ነጋዴዋ ቦታቸው ላይ ተቀምጠዋል። ደስ አለኝ፤ ደስታዬን ግን ጊዜ አልሰጡትም።

"ዛሬ ያንን የተጋደመውን ጻፍልኝ" አሉኝ።

እሱ ፊደል አይደለም፣ የፊደል ብልሽት ነው አልኳቸው። እኔ ቀጥ ያለውን አስተምራለሁ፣ ሰዎቹ ታፔላውን ያስተካክሉ። ሌሎቹ ተማሪዎች አንዴ እኔን አንዴ እሳቸውን ያያሉ።

"መቼ ያስተካክላሉ?"

"ሲያረጅ ብለዋል።"

"እኔ ወይስ ታፔላው?"

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ይህን ጊዜ እሳቸውም ሳቁ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ቦኬ የሚሄደው መኪና በሱ ነው የሚሄደው፣ ያ ኢልመ ኮ። ቀጥ ያለው መኪና የለውም" አሉኝ።

ጠመኔውን አነሣሁ። እንዲህ የጠላሁትን ነገር እንዲህ ተጠንቅቄ ሠርቼ አላውቅም። መጀመሪያ ማዘንበያ መስመሮችን በማስመሪያ አሰመርኩ፣ እኩል በእኩል፤ ከዚያ በላያቸው ላይ ቦን ጻፍኩ፣ ለጠጥኩት፣ አወፈርኩት። ሰሌዳዬ ላይ የዚያ ማስታወቂያ ቤት እጅ ወጣ። ከዚያ ኬን ጻፍኩ፣ ከጎኑ ዴን፤ ቀለበታቸውን ደፈንኩት። እዝባሯን ጻፍኩ። ልዩነቱ የቱ ጋ እንደሚተርፍ ፈለግን፣ እኔም አብሬ ፈለግሁ፤ ዴ አናቱ ላይ የተዘረጋ ጠፍጣፋ ጣራ አለው፣ የኬ ጣራ ግን ይሰበራል። እዝባሯ ደግሞ ከጎረቤቶቿ ጭንቅላት ትንሽ ከፍ ትላለች፣ ትንሽ ብቻ። አንዱ ሽማግሌ አንገታቸውን ወደ ቀኝ ሲያዘነብሉ ፊደሎቹ ቀጥ ብለው እንደሚቆሙ አገኙ። ከዚያ በኋላ ክፍሉ በሙሉ፣ ትላልቅ ሰዎች፣ አንገታቸውን ወደ ቀኝ ጥለው ሰሌዳዬን ሲያነቡ ቆምኩና አየኋቸው። ሰው ሊማር መጥቶ አንገቱን ለፊደል ያጎንብስ? ፊደሉ ነበር ለሰው ቀጥ ማለት የነበረበት። ያን ቀን ማታ ራት አልበላሁም።

የሚቀጥለው የቦኬ ገበያ ቀን ትምህርት ሳይጀመር መናኸሪያ ሄድኩ። አልጠሩኝም፤ እልኬ ነው የወሰደኝ። ራቅ ብዬ አንድ የሻይ ቤት በረንዳ ላይ ቆምኩ። መጡ። ቲማቲማቸውን መሬት ላይ አስቀምጠው መስታወቱ የተሰነጠቀው መኪና ፊት ቆሙ፤ ስንጥቁን አላዩትም፣ ወይም አይተው ናቁት። አንገታቸውን ወደ ቀኝ ጣሉ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ያ ማንበብ አትችይም ያላቸው ረዳት ከበሩ ላይ ሆኖ አያቸው።

"ቦ" አሉ፣ እኔ ጋ እስኪሰማ። "በር። ዴ።" ከዚያ ለማንም ሳይሆን፣ "ውስጥ ያለው ቦርደዴ ነው" አሉና ወደሚቀጥለው አለፉ።

የሚቀጥለው ሞተሩን አስነሥቶ ነበር። ፊቱ ቆመው አሁንም አንገታቸውን ጣሉ። ሰው ይቸኩላል፣ ከኋላቸው የቆመ ሌላ መኪና ጡሩምባ ይነፋል፤ እሳቸው አልቸኮሉም። ጣታቸውን አንሥተው የመጨረሻውን ፊደል ጣራ ፈለጉ፣ ሲሰበር አገኙት። ቲማቲማቸውን መኪናው ላይ አስጫኑና በሩን ያዙ።

"እናት፣ ወዴት ነው?" አላቸው የዚህኛው መኪና ረዳት፣ ገና ልጅ እግር ነው።

አንድ እግራቸው ደረጃው ላይ ነበር። ዞረው አዩት።

"ጽፈህ ሰቅለህ የለም እንዴ?" አሉት። "አንብበው።"

ገብተው ተቀመጡ። ረዳቱ ከበሩ ወርዶ ወደ መኪናው ፊት ዞረና ታፔላውን ቀና ብሎ አየ። ትንሽ ወደ ኋላ ሄደ፣ አሁንም አየ። አንገቱን ወደ ቀኝ መጣል እንዳለበት አላወቀም።